ጉብታ ያወጣችው ላም

በደንዲ ወረዳ ሴና ፉፋን የማያውቅ ገበሬ ካለ ላም የሌለው ነው። ሥራዋ ላም ማስረገዝ ነው። መሥሪያ ቤቷ "የሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ባለሙያ" ይላታል፤ ገበሬው ግን ይህን ሁሉ ለመጥራት ጊዜ ስለሌለው "ኮርማዋ" ብሎ ገላግሏታል። ሞተር ሳይክሏን አስነስታ ከጊንጪ ስትወጣ መንገድ ዳር ያለ ሁሉ "ኮርማዋ መጣች!" ይላል፤ እሷም እጇን አንስታ ሰላም ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ትናደድ ነበር። በኋላ ግን አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር በስብሰባ መሀል፣ በሙሉ አክብሮት፣ "አሁን ደግሞ ኮርማችን ቃል እንድታሰማን እጋብዛለሁ" ሲል ነገሩ ከእጇ እንደወጣ ገባት። ተነስታ ስለ መኖ ተናገረች።

አምቦ ተወልዳ አምቦ ተምራ ጊንጪ ተመደበች፤ እዚያው ቀረች። ከአስፋልቱ ማዶ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ለምን እንዳላገባች የሚጠይቋት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ መልሷ ግን አንድ ነው፤ "ጠዋት ጠዋት ላም ይጠብቀኛል" ትላለች። ይህ መልስ ሰውን ለምን ዝም እንደሚያሰኝ እሷም አታውቅም።

እናታቸው ካረፉ በኋላ ከቤተሰቡ የቀሩት እሷና ታናሽ ወንድሟ ቶኩማ ነበሩ። ቶኩማ አዲስ አበባ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ባነር ይሠራል። የሰርግ፣ የምርቃት፣ የሱቅ፣ የሐዘን፣ የመጣለትን ሁሉ። ወንድምና እህት ይዋደዳሉ፤ ችግሩ የሚነጋገሩት ነገር አልነበራቸውም። በየሳምንቱ ስልክ ይደዋወላሉ።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። አንተስ?"

"ደህና። ዝናብ አለ?"

"አለ።"

"እዚህም አለ።"

ከዚያ ሁለቱም ስልኩ ላይ ጥቂት ይተነፍሱና "በይ ቻው፣ በል ቻው" ተባብለው ይዘጋሉ።

በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ ሲመጣ ቶኩማ አሮጌ ላፕቶፑን ይዞላት መጣ። ውስጡ አንድ ጨዋታ ጭኖበታል። ሁሉም ነገር፣ አፈሩም ድንጋዩም ዛፉም፣ ፀሐይዋ ሳትቀር፣ ካሬ የሆነበት ዓለም ነው። ሰው ይቆፍራል፣ የቆፈረውን ይደረድራል፣ ቤት ይሠራል። "እኔ ከአዲስ አበባ እገባለሁ፣ አንቺ ከዚህ ትገቢያለሽ፤ እዚያ ውስጥ እንገናኛለን" አላት።

"ተገናኝተን ምን እናደርጋለን?"

"እንቆፍራለን።"

ሴና ምንም ባትጠብቅም እሑድ ከሰዓት ከስልኳ ኢንተርኔት አገናኝታ ገባች። ቶኩማ ሳጥን የሚያህል ራስ ተሸክሞ አንድ ኮረብታ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ዝም ብለው ቆፈሩ። ሲመሽ ሴና ከወንድሟ ጋር አንድ ቃል ሳትነጋገር ግማሽ ቀን እንደዋለች፣ ደስም እንዳላት ታወቃት። ከዚያ ወዲህ እሑድን አላስታጎለችም።

አንድ ነገር ብቻ አላስቻላትም፤ የላሞቹ ነገር። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ያሉ ላሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁሉም በአንድ ቡኒ ቀለም፣ አንድ ቦታ ላይ በወጣ ነጭ፣ አንዷን ከሌላዋ መለየት አይቻልም። ከዚህም የባሰ ነገር ነበር፤ ኮርማ የሚባል የለም። ለሁለት ላሞች ስንዴ ይሰጣል፤ ይበላሉ፤ ይተያያሉ፤ ወዲያው ጥጃ ዱብ ይላል።

"ይኼ ትክክል አይደለም" አለች ሴና ስልክ ደውላ።

"ጨዋታ እኮ ነው።"

"ጨዋታም ቢሆን። ሁለቱም ሴት ናቸው። ጡት አላቸው፤ አየሁ።"

"አወላለዱን መቀየር አልችልም" አለ ቶኩማ። ትንሽ አሰበና፣ "መልካቸውን ግን መቀየር ይቻላል" አለ።

ቴክስቸር ፓክ የሚባል ነገር እንዳለ ያስረዳት ያን ዕለት ነው። ብሎኩ ያው ብሎክ ነው፤ ፓኩ ግን ልብስ ያለብሰዋል። የድንጋዩን ካሬ የእውነት ድንጋይ ፎቶ ካለበስሽው የእውነት ድንጋይ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ቴክስቸር ማለቱን ትተው "ልብስ" ብለው ጠሩት። ሥራውንም ተካፈሉ፤ ሴና በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ ቶኩማ ቆርጦ ያለብሳል።

ለሥራ በየቀበሌው ስለምትዞር ፎቶው አልቸገራትም። የባሕር ዛፍ ልጥ አነሳች። የጭቃ ምርጊት አነሳች፤ ጭዱ ከጭቃው ወጣ ወጣ ያለበትን ዓይነት። የአውድማ መሬት፣ የተወቀረ ድንጋይ፣ ዝገት የጀመረው ቆርቆሮ፣ የደንዲ ሐይቅን ውኃ በሦስት ዓይነት ሰማይ። ሰው ቤት ሄዳ ላሟን ካዳቀለች በኋላ ግድግዳ ፎቶ ማንሳቷን ገበሬዎቹ አዩ፤ የወረዳው አዲስ ሥራ ነው ብለው ተዉት። አንዳንዱማ ሳትጠይቀው "ከጀርባ ያለውም ግድግዳ ደህና ነው" ብሎ ይመራታል።

ቶኩማ ባነር ሠሪ ስለሆነ ሥራውን ያውቅበታል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር፣ ከራሱ ከፎቶው ጥላና ብርሃን ተነስቶ፣ ሌላ ሁለተኛ ሥዕል ይሠራል። ይህኛው ሥዕል ቀለም የለውም፤ የቱ ጋ ጎድጓዳ፣ የቱ ጋ ጎበጥ ያለ እንደሆነ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። እሱ ሲጨመር የጨዋታው ፀሐይ ከጎን በወጣች ቁጥር ከምርጊቱ የወጣው ጭድ እንኳ ጥላ ይጥላል። ጠንካራ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህን ሲያይ አፉን ይይዛል። የሴና ላፕቶፕ ግን ጥላውን ሲያበሩት እንደ እህል ወፍጮ መጮህ ስለሚጀምር እሷ አጥፍታው ነው የምትጫወተው። ስለዚህ የሠራችውን ነገር ሙሉ ውበት አይታው አታውቅም፤ ይህም ብዙ አላሳሰባትም።

ፓኩን "ደንዲ" ብለው ኢንተርኔት ላይ አወጡት። የማያውቋቸው ሰዎች ወሰዱት። አንዱ "ይህ የጭቃ ግድግዳ የዓመቱ ምርጥ ግድግዳ ነው" ብሎ ጻፈ። ቶኩማ ተርጉሞ ሲያነብላት ሴና "የማን ቤት መሰለህ?" ብላ የባለቤቱን ስም ነገረችው። በሚቀጥለው ሳምንት ሰውዬውንም አግኝታ ነገረችው። ሰውዬው "ሐሰት አይደለም፤ በደንብ ነው ያስረገጥኩት" አለ።

ላሞቹ የመጨረሻ ሥራ ሆኑ፤ ሴና ላም በመምረጥ ብዙ ጊዜ ስለፈጀች። ዳማም ዳልቻም ቦራም አይታ አይታ ልቧ ያረፈው ቡሬ በምትባል የአዴ እንቁ ላም ላይ ነው።

አዴ እንቁ፣ ሰፈሩ እንደ እናት አዴ የሚላቸው፣ ከሐይቁ በታች ባለ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከብቶቻቸውን ግን ለማንም የማይሰጡ ሴት ናቸው። ሴናን ይጠሏታል ማለት ልክ አይሆንም፤ ተቀይመዋታል። ቡሬ ሁለት ጊዜ ተዳቅላ ሁለቱንም ጊዜ አልያዘችም፤ ይህንን አዴ እንቁ የወሰዱት እንደ ሴና የግል ስንፍና ነው። ቡሬ ደግሞ እንደ ስሟ ዥጉርጉር ናት። በነጭ ላይ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ቀይ፣ በቀዩ ዳር ደግሞ መልሶ ነጭ የተረጨባት፤ ዓይን ማረፊያ የሚያጣባት ላም።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቡሬ ኮርማ ፈለገች ተብሎ ሴና ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራች። እስከ ትከሻ የሚደርሰውን ጓንት አጥልቃ ሥራዋን ጨረሰች፤ ጓንቱን አወለቀች፤ እጇን ታጠበች።

"አዴ እንቁ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ቡሬን ፎቶ ላንሳት?"

"ለምን? ልትከሺኝ ነው?"

"ኧረ አይደለም! ለጌም ነው።"

"ጌም ምንድን ነው?"

"የኮምፒውተር ጨዋታ።"

አዴ እንቁ ላማቸውን አዩ። "ቡሬ አትጫወትም" አሉ።

"እሷ አትጫወትም፤ እኛ ቆዳዋን ብቻ ነው የምንወስደው።"

ይህ ጥሩ አባባል አልነበረም። አዴ እንቁ መጥተው በላማቸውና በሴና መካከል ቆሙ። ሴና ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳች፤ ስለ ካሬዎቹ፣ ስለ ወንድሟ፣ በዚያ ዓለም ያሉት ላሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለመሆናቸው። አዴ እንቁን ያሳመናቸው የመጨረሻው ነው።

"ሁሉም አንድ ዓይነት?"

"አንድ ዓይነት።"

"ታዲያ ሲጠፉ እንዴት ይታወቃሉ?"

"አይታወቁም።"

አዴ እንቁ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሺ፣ አንሻት። ሳትታጠብ ግን አትነሳም" አሉ።

ሴና ራሷ ቡሬን በሳሙና አጠበቻት። ፀሐይ ላይ ቆማ ደረቀች። አዴ እንቁም ልብስ ቀይረው መጥተው ከጎኗ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። ላሟ ብቻ ናት የምትፈለገው ሲባሉ "ባለቤት የሌላት አታስመስያት" ብለው አልወጡም፤ ስለዚህ አንድ ለአዴ እንቁ ተነስቶ ከዚያ የላሟ ብቻ ተነሳ፤ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከኋላ፣ ከሆድ በታች።

"ዛሬ ጠዋት መኖዋን ተወት አድርጋለች" አሉ አዴ እንቁ መሀል ላይ።

"ሰው በዝቶባት ይሆናል" አለች ሴና፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነበር።

ቶኩማ ቡሬን በሁለት ቀን ሠርቶ አርብ ለቀቃት። እሑድ ከሰዓት ስልክ ደወለ።

"ሴና፣ ላሟን ላስተካክላት ነው። ተበላሽታለች።"

"ምን ሆነች?"

"አንዱ ሰው ጽፏል። 'ላሟ ጉብጉብ አላት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጎኗ ኮረት የተደፋበት ይመስላል፤ አስተካክሉ' ነው የሚለው። የኔ ጥፋት ነው። ዥጉርጉር ስለሆነች ኮምፒውተሩ ጥቁሩን ጉድጓድ ነጩን ኮረብታ አድርጎት ነው። አሁን እደለድለዋለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።"

"ቆይ፣ ልያት።"

"ያንቺ ኮምፒውተር እኮ አይችልም።"

"ይቻለው።"

ሴና ጥላውን አበራችው። ላፕቶፑ መጮህ ጀመረ። ሥዕሉ ደረጃ እንደምትወጣ አሮጊት እየቆመ እየተነፈሰ ነበር የሚሄደው። ቡሬ ሣር መሀል ቆማለች፤ ራሷ ሳጥን ነው፣ እግሯም ሳጥን ነው፣ ቆዳዋ ግን የእውነት የራሷ ነው። ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ልትገባ ስትል ብርሃኗ በጎን በኩል መጣ። ያኔ ነው የታየው። በአንገቷ፣ በጎኗ፣ ወደ ጡቷም ወረድ ብሎ፣ ክብ ክብ ጉብታ። ሁሉም እኩል ያህል ነው። ነጩ ላይ አለ። ጥቁሩም ላይ አለ። ቀዩም ላይ አለ።

"አየሽው?" አለ ቶኩማ። "አስቀያሚ ነው አይደል? ልደልድለው?"

"እንዳትነካው።"

"ለምን?"

"ቀለሙ አይደለም፤ ጥቁሩም ላይ አለ። ይኼ ያንተ ስህተት አይደለም፤ ይኼ እሷ ላይ ያለ ነው። ታማለች።"

"የቷ?" አለ ቶኩማ።

ሴና መልሳ የስልኳን ፎቶ እያሰፋች አየችው። በዚያ ሁሉ ዝንጉርጉር ውስጥ ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። ከታወቀ በኋላ ሲታይ ግን አንዳንድ ቦታ ፀጉሩ በትንሽ በትንሹ ክምር ብሎ ቆሟል። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምታውቀው ምልክት ነው። ባለሙያዎቹ ላምፒ ስኪን ይሉታል፤ የከብት ቆዳ ላይ እብጠት ያወጣል፤ ዝናብ ሲያቆም ዝንብ ሲበዛ ከበረት በረት ይዛመታል። መድኃኒት የለውም፤ ላልታመመው ግን ክትባት አለው።

ሞተሯን አስነስታ ወጣች። እሑድ ከሰዓት ኮርማዋ ስትበር ያየ ሰው የአንዱ ትልቅ ሰው ላም ኮርማ ፈልጋ ነው አለ።

አዴ እንቁ በር ላይ ነበሩ። ሰላምታ አልሰጧትም። ቡሬ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። አሁን ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም ነበር፤ እብጠቱ ጎኗን ሞልቶታል፣ ከዓይኗ እንባ ይወርዳል፣ ገላዋ እንደ ምጣድ ይፋጃል።

"ይኸው!" አሉ አዴ እንቁ። "ፎቶ ያነሳሻት ዕለት ማታ ተኛች። ከዚያ ወዲህ አላማረባትም። ዓይን ነው ያስገባሽባት!"

"አዴ እንቁ፣ በሽታ ነው። ከፎቶው በፊት ነው የያዛት። ይዩ፣ ላሳይዎት" አለች ሴና፤ ቶኩማ ከጨዋታው ቀርጾ የላከላትን ቪዲዮ በስልኳ ከፈተች። "ይኼ ፎቶ የተነሳው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እብጠቱ ያኔውኑ አለ።"

አዴ እንቁ ስልኩን ተቀብለው አዩ። "ይቺ ቡሬ ናት?"

"ናት።"

"ራሷ ሳጥን ሆኗል።"

"ጨዋታው እንደሱ ስለሆነ ነው።"

"እግሯም" አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ። "እብጠቱም አለባት።"

"አዎ! ይኸው!"

"እንግዲህ እዚህ ውስጥ ነዋ የጀመራት" ብለው አዴ እንቁ ስልኩን መለሱላት።

ሴና ስልኩን ኪሷ ከተተች። የሚያቃጥላትንም የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ያን ዕለት ጠዋት ያቺ ላም እጇ ሥር ነበረች። ከግራም ከቀኝም ከታችም አይታታለች፤ ያየችው ግን ቀለሟን ነው። ባለቤቷ መኖዋን ተወት አድርጋለች ሲሉ ሰምታለች፤ የሰማችው ግን በጆሮዋ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወረዳ ሄደች። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ሲሞን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

"በምን አወቅሽ?" አላት።

"በጨዋታ ነው፣ ዶክተር።"

"በጨዋታ... ሰዎች ሲያወሩ ሰምተሽ?"

"አይ፣ በኮምፒውተር ጨዋታ።"

ዶክተር ሲሞን ብዕሩን አስቀመጠ። ቪዲዮውን ከፍታ ሰጠችው። ስልኩን አንድ ጊዜ ወደ ቁም አንድ ጊዜ ወደ ጎን እያዞረ አየው። ሴና የሚስቅባት መስሏት ነበር።

"ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?" አለ።

"በምዕራብ።"

"ጥሩ ነው። ሥር የሰደደ ሳይሆን ጀማሪ እብጠት በጎን ብርሃን ነው የሚታይ። እኛ እኩለ ቀን እየሄድን ነው የምንመረምር" አለ፤ ወዲያውም አምቦ ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤት ደውሎ ክትባት ጠየቀ። ክትባቱን ለመጠየቅ በሽታው እንዴት እንደተገኘ መግለጽ ነበረበት። ትንሽ አሰበና "በመስክ ምልከታ" አለ። ሴና መስክ እንዳልነበረ ልታስታውሰው ፈለገችና ተወችው፤ በጨዋታውም ቢሆን ሣሩ ነበረ።

ክትባቱ መጣ፤ ሰው ግን ከብቱን አላወጣም። አዴ እንቁ የነገሩት ነገር ከክትባቱ ቀድሞ ቀበሌውን አዳርሶ ነበር፤ ኮርማዋ ፎቶ ያነሳችው ከብት እብጠት ያወጣል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲያሸማግሉ ውለው አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ስልክ የያዘ ሰው ከብት አጠገብ አይደርስም። ስለዚህ በክትባቱ ቀን የወረዳው ቡድን በሙሉ ስልኩን አውጥቶ በሊቀመንበሩ ቤት በአንድ መሶብ ከትቶ ወጣ። ዶክተር ሲሞን ሁለት ስልክ ስለነበረው ሁለቱንም አስረከበ። አምቦ ያለው ኃላፊ ያን ቀን ደጋግሞ ደውሎ የሚያነሳ አጣ፤ በኋላ ምክንያቱ ሲነገረው "እሺ" ብቻ አለ። ከብቱ ግን ተከተበ።

ከአዴ እንቁ ጎረቤት አንድ በሬና አንድ ጥጃ ሞቱ። ሌላው ተረፈ። ቡሬ ከተከተቡት ውስጥ አልነበረችም፤ ለእሷ ጊዜው አልፎ ነበር። እብጠቱ እየፈነዳ ቁስል ሆነ፣ ወተቷ ደረቀ። ሴና በየጊዜው እየሄደች ቁስሉን ታጥብላታለች፣ ዶክተር ሲሞን ለቁስሉ ያዘዘውን መርፌ ትወጋታለች። አዴ እንቁ ራሷን ይይዙላታል። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ላም ግራና ቀኝ ቆመው አይነጋገሩም።

አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ ሴና ለቶኩማ ደወለች። ስለ ዝናብ አልጠየቀችውም።

"ሳሙና ቀብቼ ያጠብኳት ላም እኮ ናት" አለችው። "በእጄ ነው ያጠብኳት፣ ቶኩማ። እብጠቱ በእጄ ሥር አልፏል። ምን ሆኜ ነው?"

"እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ቆርጬ ለጥፌያታለሁ።"

"አንተ ባነር ሠሪ ነህ።"

"እሱስ ነው" አለ ቶኩማ። ሆኖም ስልኩን አልዘጋም። ሴናም አልዘጋችም፤ ስለ እናታቸው ሕመም፣ ያኔ ማን ምን እንዳየና ማን ምን እንዳላየ፣ እስከዚያ ቀን አንስተውት የማያውቁትን ሁሉ አወሩ። ሲጨርሱ የሁለቱም ስልክ ሞቆ ነበር።

ቶኩማ ቡሬን ከፓኩ አወጣት፤ በምትኳ አንዲት የጊንጪ ዳማ ላም አስገባ። ሳምንት ሳይሞላ ሰዎች "ጉብጉቧ ላም የት ሄደች?" ብለው ጻፉ። ቶኩማ ውሸት ስለማይሆንለት "ታማለች" ብሎ መለሰ። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። በሽታውን በስሙ ነገራቸው። ከዚያ ይጠይቁ ጀመር። ላሟ እንዴት ሆነች? ቆመች ወይ? በላች ወይ? ቶኩማ መልስ ስለሌለው ለሴና ይደውላል፤ ሴናም መልሱን ለማወቅ ወደ አዴ እንቁ ትሄዳለች።

"አዴ እንቁ" አለች አንድ ጠዋት፣ መርፌዋን እያዘጋጀች፣ "ሰዎች ስለ ቡሬ እየጠየቁ ነው።"

"የማን ሰዎች?"

"ውጭ አገር ያሉ። በጨዋታው ያዩአት።"

አዴ እንቁ የላሟን ጆሮ ለቀቁ። ከታመመች ወዲህ ከጎረቤት እንኳ በሽታውን ፈርቶ ብቅ ያለ አልነበረም። "ስማቸው ማን ነው?"

ሴና ተቸገረች። "የእውነት ስማቸውን አይናገሩም። አንዱ 'ድንጋይ በላ' ነው የሚለው ራሱን። አንዷ ደግሞ ቁጥር ናት።"

"ይሁን፤ ጠያቂ ጠያቂ ነው" አሉ አዴ እንቁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ትናንት ገለባ ቀምሳለች በያቸው። ውኃም ጠጥታለች። ወተቱ ግን ገና ነው። ዋቃዮ ያክብርልን በያቸው።"

ሴና ለቶኩማ ነገረች፤ ቶኩማም ተርጉሞ ጻፈ። "ዋቃዮ ያክብርልን" የሚለውን የእግዜር ምርቃት እንዴት እንደተረጎመው አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴና በር ላይ ስትደርስ አዴ እንቁ "አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ" እያሉ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ እያሉ፣ ያስገቧት ጀመር፤ ቀጥለውም "ዛሬስ ማን ጠየቃት?" ይሏታል።

ቡሬ ዳነች። ቆዳዋ ላይ ጠባሳ ቀረባት፤ ወተቷም ትንሽ ትንሽ ተመለሰ። ያን ጊዜ የተዳቀለችው አልያዘችም፣ ከዚያም በኋላ አልያዘችም። ዶክተር ሲሞን ትኩሳቱ ማህፀኗን ሳይጎዳው አልቀረም አለ። አዴ እንቁ ይሽጧት የሚላቸውን ሁሉ አልሰሙም።

በዚያ ዓመት ለፋሲካ ቶኩማ ጊንጪ መጣ። በማግስቱ ሴና ሞተሯ ኋላ አስቀምጣው አዴ እንቁ ዘንድ ወሰደችው። ላሟን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ነበር፤ አጠገቧ ሲደርስ ግን ከቅርብ የሚያያት ላም ይቺ የመጀመሪያዋ እንደሆነች ታወቀ። እጁን ዘርግቶ ጎኗን ሊነካ ሲል ቡሬ ዞር ብላ አየችው፤ እሱም እጁን ኪሱ ከተተ።

"ይኼ ነው ቆዳዋን የወሰደው?" አሉ አዴ እንቁ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ። ይቅርታ።"

"ቀጭን ነህ። ግባ፣ ብላ።"

ከበሉ በኋላ ቶኩማ ይዞት የመጣውን የራሱን ኮምፒውተር ከፍቶ ደንዲን አሳያቸው። የሐይቁ ውኃ ያብለጨልጫል፣ ባሕር ዛፉ ጥላ ይጥላል። አዴ እንቁ አገሩን ወዲያው ለዩት። ይህ የእገሌ ግድግዳ ነው፣ ይህ የእገሌ ቆርቆሮ ነው እያሉ በጣታቸው እየነኩ ሄዱ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ቆም አሉ።

"ሰዉስ?"

"የቱ ሰው?" አለ ቶኩማ።

"የዚህ አገር ሰው። ማን ነው እዚህ የሚኖር?"

"እኔና ሴና ነን። ሁለታችን ብቻ።"

አዴ እንቁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። "ሁለት ሰው ብቻ ባለበት አገር ክፉ ቀን ቢመጣ ማን ይደርስላችኋል?" አሉ። ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብለውም "ለኔም ቤት ሥሩልኝ" አሉ።

ቶኩማ ደስ ብሎት ከሐይቁ አጠገብ ሜዳ ላይ መደርደር ጀመረ። አዴ እንቁ እጁን መቱት።

"እዚያ ታች ታደርገኛለህ? ክረምት ውኃ ይገባል። ወደ ላይ!"

"እማማ፣ ጨዋታ ስለሆነ ውኃው አይሞላም..."

"ወደ ላይ አልኩህ።"

ወደ ላይ ወጡ። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲዞር ተደረገ። ቤቱ ጠበበ ተብሎ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። በረቱ ከቤቱ ራቀ፣ ቀረበ፣ በመጨረሻ በር ሲከፈት ከመኝታ በሚታይበት ቦታ ሆነ። ሴና ትቆፍራለች፣ ቶኩማ ይደረድራል፣ አዴ እንቁ ቆመው ያዛሉ። ክዳኑ ሣር ይሁን ቆርቆሮ በሚለው ላይ ሦስቱ ብዙ ተከራከሩ። ቆርቆሮ እንዲሆን አዴ እንቁ ወሰኑና ላም ለማለብ ተነስተው ወጡ፤ ሲወጡም እስኪመለሱ ድረስ በአጥሩ ላይ ምንም እንዳይጀመር አስጠነቀቁ።